ለሕያው የተነፋ ጡሩምባ

እንዳላማው መንገድ ላይ ሲሄድ የሰፈሩ ሰው በእግሩ ድምፅ ያውቀዋል። ሳይቆም ካለፈ ሰላም ነው። በአንዱ አጥር ጥግ ቆም ካለ ግን፣ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሎም ቢሆን፣ በውስጥ ያለው ሰው የያዘውን ሥራ ትቶ ያዳምጣል። ሃያ ሰባት ዓመት በደብረ ማርቆስ አንድ ሰፈር የእድር ጡሩምባ የነፋ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል፣ ከዚያ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። ቅደም ተከተሉ ተዛንፎ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ከስሙ በኋላ ያለውን የሚሰማለት የለም፤ ስሙ እንደተጠራ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ ነጠላ የሚያነሳው ነጠላውን ያነሳል።

ታዲያ ይህ ሰው በሕይወት ያለን ሰው በስሙ አይጠራም። ጎረቤቱን «ወንድሜ» ይለዋል፣ ፖሊሱን «አለቃ»፣ ባለሱቁን «ነጋዴው»። ሚስቱን ያለምወርቅን በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ «አንቺ» ከማለት አልፎ አያውቅም። አንዲት ልጁ ወለላ ከተወለደች ጀምሮ «እሙዬ» ናት። በዘመድ ሠርግ ላይ መርቅ ተብሎ ቢነሳ «ያ ልጅና ያቺ ልጅ ይዋለዱ» ብሎ መርቆ ቁጭ ያለ ሰው ነው፤ ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

መነሻው ዘማርያም የሚባል የልጅነት ጓደኛው ነው። እንዳላማው ሥራውን በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ከቀብር ሲመለስ፣ ጡሩምባውን በብብቱ እንደያዘ ዘማርያምን ከመንገድ ማዶ አየውና በዚያው ባልበረደ ጉሮሮው «ዘማርያም!» ብሎ ተጣራ። ዘማርያም ዞር ብሎ «ምነው፣ ልትቀብረኝ ነው?» እያለ ሳቀበት። በአራተኛው ቀን በሬዎቹን ሊፈታ እንደወጣ መብረቅ መታው። ሌላው ሰው መብረቁን ረገመ፤ እንዳላማው ግን የገዛ አፉን ረገመ። ሞት የሚወስደውን ሰው ስም ከእሱ አፍ ካልሰማ የሚቸገር ይመስል! እንዲህ እያሉ የሚቀልዱበት ሁሉ ግን፣ እሱ ባለበት ስማቸው ሲነሳ ቅር ይላቸዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

እንዳላማውን ከሞት ሥራ ሌላ ሥራ ያስያዘው የሐሙስ ክበብ ነው። ክበቡ በመዝገብ ላይ ረዘም ያለ ስም አለው፤ ባነሩም ላይ እንደማንኛውም የበጎ አድራጎት ክበብ ድርና አንበሳ አለ። ሰው ግን ሐሙስ ሐሙስ ስለሚሰበሰቡ «የሐሙስ ክበብ» ብሎ ይጠራዋል። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡት ነርስ ሲስተር ወለተ ሐዋርያት ናቸው፤ ገበያው ዳር ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጠው አብዱልቃኒ ደግሞ የክበቡ ጉልበት ነው። በክረምት የአቅመ ደካማ ጣሪያ ይቀይራሉ፣ በመስከረም አባት እናት ለሌላቸው ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ይሰጣሉ፣ በበዓል ቀን ደግሞ የታመመ ሰው ቤት በጉም ዶሮውም እንዳይቀር ይዞራሉ። እንዳላማው የገባው በአንዲት አሮጊት ጣሪያ እድሳት ቀን መሰላል ሊደግፍ ቆሞ ነው፤ ያን ቀን የቆመ እስከዛሬ አልወጣም። ዩኒፎርሙን የምትሰፋው ወለላ ናት፤ ከአብዱልቃኒ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ መኪናዋን ዘርግታ፣ የሰው ልጅ አንገት በዓይኗ ለክታ የምትቆርጥ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ወለላ ሁለት እጅጌ ሰፍታ ማረፍ ጀመረች። ከዚያ አንድ እጅጌ። ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል። በልጅነቷ ችላ የተባለ የጉሮሮ ሕመም ወደ ልቧ ወርዶ አንዱን የልቧን በር አጥብቦት ኖሯል፤ ሐኪሞቹ ካልተቀየረ አትከርምም አሉ። ከረጅም ጥበቃ በኋላ አዲስ አበባ ቀጠሮ ወጣላት። የሚተካው ሰው ሠራሽ በር ግን በራሳችሁ ግዙ ተባሉ። ያለምወርቅ ላሟን ሸጠች፣ እንዳላማው ከአባቱ የወረሰውን ጥማድ መሬት አከራየ፤ አልደረሰም። ሲስተር ወለተ ሐዋርያት እናቲቱን ለብቻዋ ጠርተው ሌላም ነገር ነግረዋታል። «እስከዚያ ድረስ ጠላቷ ድንጋጤ ነው። በር አይደብደብባት፣ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገራት። ይች ልብ አንድ ድንጋጤ ትችል እንደሆነ እንጂ ሁለት አትችልም።»

ክበቡ በዚያ ሳምንት ሐሙስ የተሰበሰበው ለእሷ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በኳስ ሜዳው ዳር የድጋፍ ቀን ይደረጋል፣ አብዱልቃኒ ሙክት ያመጣል፣ ሙክቱ ለጨረታ ይቀርባል። ሁሉም ተስማማ። ችግሩ ሰውን እንዴት እንጥራው ነው።

«በስልክ እንዳንለጥፍ ኢንተርኔት የለም፤ በመኪና እንዳንለፍፍ ሞንታርቦ ተከልክሏል» አሉ ሲስተር። «ቢሰማስ ይወጣል ወይ? ሠርግ እንኳ እድምተኛ አጥቶ በጊዜ ይበተናል።»

እውነታቸውን ነው። ተኩስ መንገዱን በዘጋበት በዚያ ሰሞን ከተማው ጆሮው ብቻ የቀረ ነበር። በር ሲንኳኳ ማን ነህ ሳይል የሚከፍት የለም፤ ሁለት ጎረቤታሞች መንገድ ላይ ቆመው ካወሩ ሦስተኛው ዞሮ በሌላ መንገድ ይሄዳል።

«ሰው ሳይፈራ የሚወጣው ለቀብር ብቻ ነው» አለ አብዱልቃኒ። ከዚያ ወደ እንዳላማው ዞረ። «ጋሽ እንዳላማው፣ አይቀየሙኝ እንጂ፣ ይህ ሰፈር አሁን የሚያምነው የእርስዎን ጡሩምባ ነው። ምን ይደረግ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።»

እንዳላማው የተቀመጠበት አግዳሚ ከሥሩ የተሳበ መሰለው። መጀመሪያ ሌላ ሰው ይንፋው አለ። አብዱልቃኒ አስቀድሞ የጠየቃቸው የእድሩ ዳኛ ግን ጡሩምባውን ለዚህ ሥራ የፈቀዱትም በስንት ልመና ነው፤ ከእንዳላማው እጅ እንዳይወጣ ብለዋል። እሺ፣ ስም ሳይጠራስ ቢሆን አለ።

«ስም የሌለውን በሽተኛ ማን ይረዳል?» አሉ ሲስተር። «ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት በሰፋችለት ልብስና በስሟ ነው። እንዳላማው፣ ወንድሜ፣ የሚገድላት ስሟ አይደለም። የሚገድላት የልቧ በር ነው።»

እሱ ግን ይህን የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። ቢጠራት ትሞታለች፤ ባይጠራት ትሞታለች። ያን ሐሙስ ወደ ቤቱ የገባው ይህን ተሸክሞ ነው።

ዓርብን እህል አልቀመሰም። ሲስተር በትልልቅ ፊደል ጽፈው የሰጡትን ወረቀት ከጓሮ ተቀምጦ ደጋገመው። ወረቀቱ ብልህ ነበር፤ ስሙን መጨረሻ ላይ አድርጎታል። «እድርተኞች! ዛሬ ሞት የለም። የምንጠራችሁ ለሕይወት ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኳስ ሜዳ ኑ። ልጃችንን እናሳክም። ልጃችን...» እዚህ ላይ ሲደርስ ይዘልላትና እንደገና ከላይ ይጀምራል።

ወለላ ከኋላው ቆማ ሰምታው ኖሯል።

«አባዬ፣ መጨረሻዋን አላልካትም።»

«እደርስባታለሁ እሙዬ።»

«ስሜን ስትጠራ አንድ ቀን ሰምቼህ አላውቅም እኮ። ልጅ እያለሁ የማታውቀው ይመስለኝ ነበር።» ሳቀች፤ ሳቋም ትንፋሿን አሳጥሮት ግድግዳውን ተደገፈች። እንዳላማው ዓይኑን ከከንፈሯ ላይ ማንሳት አቃተው። ፈራ። ሰው በልጁ ፊት እንዲህ ይፈራል ተብሎ ቢነገረው ከዚያ በፊት አያምንም ነበር።

ያን ማታ ከሚስቱ ጋር መከረ፤ መከረ ከተባለ። ከሁሉ የከበደው ልጅቱ ስሟን ከጡሩምባው በኋላ በገዛ ጆሮዋ መስማቷ ነው። ስለዚህ ያለምወርቅ ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ልጇን ጠበል ትወስዳታለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከሰፈሩ ስለሚርቅ ጡሩምባው እዚያ አይደርስም። እሱ ፀሐይ ስትወጣ ይነፋል፤ እነሱ ሲመለሱ ነገሩ ሁሉ አልቆ ይቆያቸዋል። መልካም ብልሃት መስሎት ትንሽ ቀለል አለው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ያን ጊዜ ያስታወሰው የለም።

ቅዳሜ ማለዳ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። እንዳላማው ሁለቱን ሴቶች ሸኝቶ በሩን ቆለፈ፣ ካፖርቱን ደርቦ ወደ መደበኛ ቦታው፣ ከአራቱ መንገድ መገናኛ ካለው ጉብታ ላይ ወጣ። ፀሐይ ጣሪያዎቹን ልትነካ ነው። ወረቀቱን በግራ እጁ ያዘ። አማተበ። ነፋ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ጡሩምባውን ከአፉ ሲያወርድ የሰፈሩ በሮች ሲከፈቱ ሰማ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ ፊደሎቹ ተራወጡበት። «እድርተኞች!» ሊል አፉን ከፈተ። ሃያ ሰባት ዓመት ከሦስተኛው ጡሩምባ ቀጥሎ ሌላ ነገር ተናግሮ የማያውቅ ጉሮሮ ግን ወረቀት አያነብም።

«ወለላ እንዳላማው!»

የገዛ ድምፁን ሰማ። ቀሪውን ሊል ሞከረ። ሞት የለም፣ ለሕይወት ነው፣ ኳስ ሜዳ ኑ፣ ሁሉም ደረቱ ውስጥ አለ፤ አንዱም አልወጣም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የወጣችውም አልተመለሰችም። ከታች ካሉት ቤቶች አንዲት ሴት «ዋይ!» ብላ ስትጮህ ሰማ፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። እሱም እዚያው ጉብታው ላይ ቁጭ አለ።

ምን ያህል እንደተቀመጠ አያውቅም። ወደ ልቡ ሲመለስ ልቅሶው ከአንድ ቦታ፣ ከራሱ ቤት በኩል ይመጣ ነበር። ያስለቀሰው ራሱ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ግን ፍርሃት ማስረጃ አይቀበልም። በዚህ ብርድ ጠበል ተረጭታ ወድቃለች፣ ተሸክመው አምጥተዋታል፣ እኔም አፌን ስከፍት ነፍሷ ወጣች አለ በልቡ። ጡሩምባውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰው አጥሩን ከቦታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እንደ ሁልጊዜው ቀልጣፋ የሆኑት የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ቋሚ መትከል ጀምረዋል። በሩ ተቆልፎ ስላገኙት አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል አልመጣም ተባብለዋል። እንዳላማውን ሲያዩት ሁለት ወንዶች ቀርበው፣ ራሱን እንዳይጥል፣ በግራና በቀኝ ክንዱን ያዙት። በሌላው ሰው ላይ ስንት ጊዜ ሲደረግ ያየው ነው። እንዲህ የሚያዘው ማን እንደሆነ ያውቃል።

«አይዞህ፣ እግዜር ያጽናህ» አለው አንዱ።

በቃ። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ አልቀረውም። የት ናት ብሎ መጠየቅ እንኳ አልቻለም፤ ከጠየቀ ይመልሱለታል።

በዚህ መሀል ወለላና እናቷ ከታችኛው መንገድ ብቅ አሉ። የጠበሉን ጀሪካን ያለምወርቅ ይዛዋለች። መጀመሪያ ድንኳኑን አዩ፣ ከዚያ ሰዉን፣ ከዚያ ድንኳኑ የሚተከለው በማን ደጅ እንደሆነ አስተዋሉ። ጀሪካኑ ከእናቲቱ እጅ ወደቀ። እሷም ልጇም ያሰቡት አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ክፉ ዘመን ማለዳ ብቻውን የወጣ ሰው። ወለላ መሮጥ የተከለከለች ልጅ፣ ሮጠች።

«አባዬን! አባዬን!»

ሰዉ ዞሮ አያት። የሚያለቅሱላት ልጅ ወደ ገዛ ልቅሶዋ እያለቀሰች ስትመጣ ሲያዩ ጩኸቱ እንደ ተቆረጠ ገመድ ጸጥ አለ። መንገድ የሚለቅላት፣ የሚያማትብ፣ ወደኋላ የሚሸሽ፤ የሚናገራት ግን የለም። እሷም ዝምታውን መርዶ አድርጋ ወሰደችው። አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። አንድ እጇ እንጨቱን ጨበጠ፣ ሌላው ደረቷን። ከንፈሯ ከሰል መሰለ። ጉልበቷ ቀስ እያለ መታጠፍ ጀመረ።

እንዳላማው በሰው ትከሻ መሀል አያት። አንድ ድንጋጤ ትችል እንደሆነ እንጂ ሁለት አትችልም። ክንዱን ከያዙት ሰዎች ታገለ፤ እነሱም ሐዘንተኛ መስሏቸው ይበልጥ አጠበቁት። የቀረው አፉ ብቻ ነው። ያ አፍ።

«ወለላ!» አለ። «ወለላ! አለሁ! እዚህ ነኝ ወለላ!»

ቀና አለች። ድምፁን ታውቀዋለች፤ በዚያ ድምፅ ስሟን ግን ሰምታው አታውቅም። ዓይኗ ፈልጎ ፈልጎ አገኘው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወደቀች ማለት ይከብዳል፣ ተቀመጠች ማለትም ያንሳል። ለነገው ኳስ ሜዳው ላይ ወንበር ሲያስደረድሩ የልቅሶው ድምፅ የደረሳቸው ሲስተር ወለተ ሐዋርያት ነጠላቸውን እየጎተቱ መጥተው አጠገቧ ተንበረከኩ። የእጇን አንጓ ይዘው ሰዓታቸውን እያዩ ቆዩ።

«አለች» አሉ በመጨረሻ። «ውሃ አምጡና ከላይዋ ላይ ዘወር በሉ።»

የሆነውን ሲስተር ለሰዉ ያስረዱት እዚያው፣ ተተክሎ ባለቀው የሐዘን ድንኳን ውስጥ ነው። የተቆጣ አለ። «በሞት ይቀለዳል?» ያለ አለ። ግን ለቀብር የወጣ የጎጃም ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ባዶ እጁንም መመለስ ይከብደዋል። አብዱልቃኒ ለነገ ያሰበውን ሙክት እየጎተተ መጣና ጨረታው እዚያው ተጀመረ። ሙክቱን ያሸነፈው መልሶ ለክበቡ ሰጠው፤ እንደገና ተሸጠ፣ እንደገና ተሰጠ፤ ስንት ጊዜ እንደዞረ ሙክቱም አያውቅም። አንዲት አሮጊት ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው «ለእኔ ቀብር ያስቀመጥኩት ነው፤ እኔ እቆያለሁ» ብለው ሰጡ። የጎደለው ሞላ።

እንዳላማው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማ። «የተለቀሰላት ሰው ዕድሜዋ ይረዝማል» አለች አንዷ። «እንጃ» አለች ሌላዋ፣ «ሞት ስሟን ሰምቶ ሄዷል።» ለሌላው ሰው ሁለቱም ወሬ ነው። እሱ ይዞ የሄደው የሁለተኛዋን ነው።

መንገዱ በተከፈተ ቀን ወለላና እናቷ አዲስ አበባ ሄዱ። እሱ ጡሩምባውን ለእድሩ ዳኛ መልሶ፣ ከቤት መውጣት ትቶ ከረመ። ጠዋት ጠዋት ባዶ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «ወለላ፣ ደህና አደርሽ?» ይላል፤ ቀስ ባለ፣ የጡሩምባ ባልሆነ ድምፅ። ስሟን ከልቅሶው ለማላቀቅ ይሆን፣ ሞትን ለማስረሳት፣ ራሱም አላወቀውም።

ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ነው ተባለ። ማክሰኞ የሞባይል ኔትወርክ ጠፋ። ያለው የአብዱልቃኒ ሱቅ የመስመር ስልክ ብቻ ነው፤ ያለምወርቅ እዚያ ትደውላለች ተብሏል። እንዳላማው ሱቁ ሄዶ መጠበቅ አልቻለም፤ ስልኩ ሲጮኽ እዚያው መሆንን ፈራ። እቤቱ፣ ከበሩ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የመንገዱን እግር ማዳመጥ ያዘ። አንዱ መጣ፣ አለፈ። ሌላው መጣ፣ አለፈ። ሃያ ሰባት ዓመት ሰው እሱን እንዴት ሲያዳምጠው እንደኖረ ያን ቀን ገባው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የሩጫ እግር ሰማ። ከሩቅ፣ ገና አጥሩ ሳይደርስ፣ አብዱልቃኒ በሙሉ ጉሮሮው ተጣራ።

«ወለላ እንዳላማው!»

ወፍራሙ ሰውዬ ትንፋሽ አጥሮት አጥሩን ይዞ ያለከልካል። እንዳላማው ተነሳ። ከስሙ በኋላ የሚመጣው ምን እንደሆነ ሁልጊዜ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ዛሬ እሱም እንደሌላው ሰው መጠበቅ አለበት። በሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ነቅታለች!» አለ አብዱልቃኒ። «ወላሂ ነቅታለች! ውሃ ስጡኝ ብላለች!»

እንዳላማው በሩን አልከፈተም። ግንባሩን ሳንቃው ላይ አስደግፎ ቆየ።

«ማን?» አለ ከውስጥ። «እስቲ ስሟን ድገምልኝ።»